ለነዋሪ የሚቀርበው መንግሥት፦ ከናይሮቢ መሃል ከተማ የተማርኳቸው ዘጠኝ ነገሮች

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ወረዳ የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበርኩ። ፈቃድ የሚያወጣውም፣ የሚያድሰውም፣ የሚመልሰውም በእኔ ጠረጴዛ ያልፍ ነበር። አሁን የምኖረው ናይሮቢ ነው፤ ከሞይ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ላይ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍቼ እሠራለሁ። ስለዚህ የአካባቢ መንግሥትን ከመስኮቱ በውስጥ በኩልም በውጭ በኩልም ሆኜ አይቼዋለሁ።

ናይሮቢ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ኬንያውያን ለረጅም ዘመን ሁሉም ነገር ከማዕከል ሲታዘዝላቸው ኖረው፣ ኦገስት 27 ቀን 2010 በኡሁሩ ፓርክ የታወጀው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች አደራጀ። ካውንቲዎቹ ከማርች 2013 ምርጫ በኋላ ሥራ ጀመሩ። ናይሮቢ ራሷ አንድ ካውንቲ ሆነች፤ የተመረጠ ገዥ፣ የተመረጠ ምክር ቤትና 85 ዋርዶች አሏት። በ2019 ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 4,397,073 ነበር። ዓመታቱን እንደ አገሩ ልማድ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኢትዮጵያውን ስጠቅስ ዓ.ም. እጨምራለሁ።

ከዚህ በታች የማሰፍራቸውን ትምህርቶች አንድ እምነት ያስተሳስራቸዋል። ነዋሪው የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ ካላወቀና የሥራውን ባለቤት በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ካልቻለ፣ ሥልጣን ወደ ታች ወረደ ቢባልም ለእሱ ያው ሩቅ ነው።

1. ከአቤቱታ በፊት የሥራውን ባለቤት መለየት

የኬንያ ሕገ መንግሥት አራተኛው ሠንጠረዥ የማዕከላዊውን መንግሥትና የካውንቲውን ሥራ ለይቶ ይዘረዝራል። ፖሊስ፣ ኢሚግሬሽን፣ የትምህርት ፖሊሲ፣ አውራ ጎዳናዎችና አገር አቀፍ ሪፈራል ሆስፒታሎች የማዕከላዊው ናቸው። የንግድ ፈቃድ፣ ገበያ፣ የካውንቲ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ እሳት አደጋና የሕፃናት የቅድመ መደበኛ ትምህርት ደግሞ የካውንቲው ናቸው።

መሃል ከተማው ላይ ይህን ክፍፍል በእግር እየዞሩ ማየት ይቻላል። የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ኛዮ ሃውስ ነው። የግብር ጉዳይ በኃይለ ሥላሴ ጎዳና፣ ታይምስ ታወር ካለው የገቢዎች ባለሥልጣን ጋር ነው። የንግድ ፈቃድ ደግሞ ሲቲ ሆል ነው። ሦስቱም ይቀራረባሉ፤ የአንዱን ጉዳይ ለሌላው ይዞ የሄደ ግን ቀኑን አቃጥሎ ይመለሳል።

ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ቦዩ ሞልቶ ውኃው ወደ ሕንፃው ደረጃ ሲወጣ፣ እኛ የአካባቢው ነጋዴዎች መጀመሪያ የምናጣራው መንገዱ የማን እንደሆነ ነው። አውራ ጎዳናው የማዕከላዊው የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የውስጥ ጎዳናው የካውንቲው ነው፤ ፍሳሹ ደግሞ የካውንቲው ንብረት የሆነው የናይሮቢ ከተማ ውኃና ፍሳሽ ኩባንያ ነው። ይህ ተለይቶ የተጻፈ ደብዳቤ መልስ ያገኛል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈው ከመዝገብ ቤት አይወጣም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ባለጉዳይ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ማዕከል ሲመላለስ በየቀኑ አይ ነበር። የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጥሩ ነው። በቻርተሩ ላይ ግን «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የሚሠራው እገሌ መሥሪያ ቤት ነው» የሚል ክፍልም ቢኖር ስንት ሰው ከእንግልት ይድን ነበር።

2. በጀት ያልተከተለው ሥልጣን ስም ብቻ ነው

የኬንያ ሕገ መንግሥት ሥራውን ብቻ አከፋፍሎ አላቆመም። በአንቀጽ 203 ከማዕከላዊው መንግሥት ገቢ፣ ኦዲት ተደርጎ በጸደቀው የመጨረሻ ሒሳብ ልክ፣ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲደርስ ግዴታ አስቀምጧል። በ2013/14 ለ47ቱ የተከፋፈለው 190 ቢሊዮን ሽልንግ ነበር፤ በ2021/22 ደግሞ 370 ቢሊዮን ደርሷል።

ቁጥሩ ቢያድግም ገንዘቡ በሰዓቱ አይደርስም። ድጎማው በዘገየ ቁጥር የሠራተኛ ደመወዝ ይዘገያል፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ያጥረዋል፤ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ነዳጅ ያጣል። ገዥዎቹ በየዓመቱ የሚያነሱት ዋና አቤቱታም ይኸው ነው።

ካውንቲው የራሱ ገቢም አለው፤ የመሬት ግብር፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የገበያ ኪራይ። ናይሮቢ ውስጥ የመሬት ግብር ለአሥርት ዓመታት ይሰላ የነበረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ የዋጋ ግምት ላይ ነበር። ከተማዋ ፎቅ በፎቅ ስትሆን ግብሩ በድሮው ዋጋ ቆመ። ከትልቅ ባለንብረት መሰብሰብ የነበረበት ገንዘብ ሲቀር ጫናው በመኪና ማቆሚያውና በትንሹ ነጋዴ ፈቃድ ላይ ያርፋል። የመሬት ዋጋ ግምት ማደስ አሰልቺ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የከተማ ፍትሕ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ዕዳውም ሊታወቅ ይገባል። የናይሮቢ ካውንቲ ያልተከፈለ ዕዳ በቅርብ ዓመታት ከ80 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ሆኖ ቆይቷል፤ ከፊሉም ከቀድሞው የከተማ ምክር ቤት የተወረሰ ነው። ይህን የማውቀው የኬንያ የበጀት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት ለማንም ክፍት ስለሆነ ነው። እኛም አገር ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ጥቅል በጀት ለወረዳ ይወርዳል፤ አብዛኛው ግን በደመወዝ ያልቃል። ወረዳው ሥልጣን አለው ሲባል፣ ከደመወዝ የተረፈው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

3. ታሪፍ የሚነበበው ከመጽደቁ በፊት ነው

ካውንቲዎች በየዓመቱ የፋይናንስ ሕግ ያወጣሉ። የፈቃዱ ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የገበያ መደቡ ኪራይ፣ የሰሌዳው ዋጋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 196 የካውንቲ ምክር ቤት ሥራውን በግልጽ እንዲያካሂድና ሕዝቡን እንዲያሳትፍ ያዝዛል።

ይህ ድንጋጌ ጥርስ እንዳለው የታየው ከናይሮቢ ጋር በምትዋሰነው በኪያምቡ ነው። የኪያምቡ ካውንቲ የ2013 የፋይናንስ ሕግ ነዋሪዎችን አስቆጣ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2014 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ጆርጅ ኦዱንጋ ሕዝቡ በሚገባ አልተሳተፈበትም ብለው ሕጉን ሻሩት። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ተሳትፎን እንደ ወግ ብቻ አይቶ የሚያልፍ ካውንቲ ሕጉ ሊሻርበት እንደሚችል ያውቃል።

እኔ ከእነዚህ የአስተያየት መድረኮች የተማርኩት ለዝግጅት የሚሰጠውን ዋጋ ነው። ጥሪው በጋዜጣ ሲወጣ ረቂቁን አግኝቶ ማንበብ፣ የሚመለከተንን ገጽ ለይቶ ማውጣት፣ አስተያየቱን በጽሑፍ ማስገባትና የተቀበሉበትን ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። «ኑሮ ተወደደብን» ያለውን ሁሉም ያዝንለታል፤ በመዝገብ የሚገባ ነገር ግን አልተናገረም። «ምግብ ቤቶች በሚያስተናግዱት ሰው ልክ በምድብ ተከፍለዋል፤ በትንሹና በመካከለኛው ምድብ መካከል ያለው የክፍያ ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ መካከል ላይ አንድ ምድብ ይጨመር» ያለው ሰው ግን ኮሚቴው ሊወያይበት የሚችል ሐሳብ ሰጥቷል።

በወረዳ ስሠራ ብዙ ስብሰባ ተጠርቷል። ነዋሪው የሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔ ሊነገረው ነበር። ረቂቁ አስቀድሞ በእጁ ያልገባ ሰው ተሰበሰበ እንጂ ተሳተፈ አይባልም።

4. መቅረብ ብቻውን አገልግሎት አይሆንም

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። የአካባቢ መንግሥት ሐሳብም ከዚሁ ይነሳል። የመሃል ከተማው ነዋሪና ነጋዴ የሚገኘው በስታሬሄ ምርጫ ክልል፣ በናይሮቢ ሴንትራል ዋርድ ነው። ዋርዱ የካውንቲው አስተዳዳሪና በምክር ቤት የሚወክለው የተመረጠ አባል አለው። የተሰበረ የመንገድ መብራት፣ የተደፈነ ቦይ፣ ሳይነሳ የሰነበተ ቆሻሻ በእነሱ በኩል ሲነገር ገዥው ቢሮ ከደረሰው አቤቱታ ቀድሞ መልስ ሲያገኝ አይቻለሁ።

በዚያው አካባቢ ግን ሌላም መንግሥት አለ። ቺፍና ረዳት ቺፍ የሚባሉት ሹሞች ከቅኝ ግዛት ዘመን የመጡ ናቸው፤ ዛሬም የሚታዘዙት ለማዕከላዊው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የነዋሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የጎረቤት ጠብና የጸጥታ ጉዳይ ወደ እነሱ ይሄዳል። የምክር ቤቱን አባል ነዋሪው በአምስት ዓመት አንዴ በድምፁ ሊያወርደው ይችላል። ቺፉን የሚሾመውና የሚሽረው ከላይ ያለው ነው።

ይህ ልዩነት የእኛን ቀበሌ እንዳስብ አድርጎኛል። ቀበሌ የተወለደው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. ሲወረስ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ነው። ለወላጆቻችን ትውልድ ቀበሌ ከማንም መሥሪያ ቤት የቀረበ ነበር፤ የራሽን ስኳርም፣ መታወቂያም፣ የኪራይ ቤትም እዚያ ነበር። ያም ሆኖ ብዙዎች የሚያስታውሱት በፍርሃት ነው፤ ተጠሪነቱ ወደ ላይ ነበርና። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ይላል። ይህ ቃል ሕይወት የሚያገኘው የወረዳው ሹም ከበላዩ ይልቅ የሰፈሩን ሰው ማጣት ሲፈራ ነው።

5. ገንዘብ በስልክ ሲከፈል የሚጠፋው ብዙ ነገር ነው

ኬንያ በ2007 ኤምፔሳን ከጀመረች ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ የዕለት ኑሮ ሆኗል። የካውንቲውም ክፍያ እየቆየ በዚሁ መንገድ ገባ። ዛሬ የፈቃድ እድሳት ሲደርስ የክፍያ መጠየቂያው በሥርዓቱ ላይ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ በስልክ ይከፈላል፤ ደረሰኙ ይመጣል። የካውንቲው ገዥ የጆንሰን ሳካጃ አስተዳደር ደግሞ ቀደም ሲል ለየብቻ ይጠየቁ የነበሩትን የንግድ ፈቃድ፣ የእሳት አደጋ ማረጋገጫ፣ የምግብ ንጽሕናና የማስታወቂያ ሰሌዳ ክፍያዎች በአንድ የተዋሐደ ፈቃድ ሰብስቧቸዋል። ለምግብ ቤት ባለቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚህ የወጣ አንድ ደንብ ለሠራተኞቼ አውጥቻለሁ፦ መጠየቂያ ቁጥርና ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አይከፈልም። አንድ ጊዜ ራሱን ተቆጣጣሪ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ «ጉድለት አለባችሁ፤ እዚሁ እንጨርሰው» አለ። የጉድለቱን ማስታወቂያ በጽሑፍ እንዲሰጠን፣ ቅጣቱንም በሥርዓቱ በኩል እንደምንከፍል ነገርነው። ተመልሶ አልመጣም።

ቴክኖሎጂው የማይፈታው ነገርም አለ። የጤና ባለሙያው መጥቶ ኩሽናውን ማየቱ አይቀርም፤ እሱ እስኪመጣ ሥርዓቱ «በሂደት ላይ» እያለ ይጠብቃል። የክፍያ ሥርዓቱም በተቀያየረ ቁጥር የቆየ መዝገብ የሚጎድልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የየዓመቱን ደረሰኝ አትሜ በፋይል አስቀምጣለሁ፤ ሌሎች ነጋዴዎችም እንዲያደርጉት እመክራለሁ።

ማዕከላዊው መንግሥትም በኖቬምበር 2013 የመጀመሪያውን የሁዱማ ማዕከል እዚሁ መሃል ከተማ፣ በዋናው ፖስታ ቤት ከፈተ፤ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀትን የመሰሉ አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ። በአዲስ አበባም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመርቋል። ደስ የሚያሰኝ ጅምር ነው። ፈተናው ማዕከሉ ያለው ቅልጥፍና ወረዳው መስኮት እስኪደርስ ድረስ መዝለቁ ላይ ነው፤ ብዙው ባለጉዳይ ያለው እዚያ ነውና።

6. ከማስነሳት በፊት ቦታ ማዘጋጀት

ቶም ምቦያ ጎዳና፣ ሪቨር ሮድና ሮናልድ ንጋላ አመሻሹ ላይ በጎዳና ነጋዴዎች ይሞላሉ። ባለሱቁ «ኪራይና ፈቃድ እየከፈልኩ በሬ ላይ ያለግብር ይነገድብኛል» ይላል። የጎዳናው ነጋዴ «ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ዕቃ ነው» ይላል። እግረኛው መሄጃ ያጣል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ይህን የሚዳኘው ደግሞ የአካባቢው መንግሥት ነው።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ከመሃል ከተማው ጫፍ፣ ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና አጠገብ የሙቱርዋ ገበያ የተከፈተው የጎዳና ነጋዴዎች እንዲገቡበት ነበር። ገበያው ዛሬም ይሠራል፤ ብዙዎች ግን ወደ ጎዳናው ተመለሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸማቹ ከሥራ ወጥቶ ማታቱ ወደሚባለው የሕዝብ ታክሲ የሚሄደው በቶም ምቦያ በኩል ነው። ዕቃው የእግረኛውን መንገድ ይከተላል። የሳካጃ አስተዳደርም ነጋዴዎቹን ከዋና ጎዳናዎች አንስቶ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባሉ መተላለፊያዎች ለማስገባት ሞክሯል፤ ከዋናው መንገድ እጅግ አልራቁምና ሐሳቡ ከቀድሞው የተሻለ ይመስለኛል።

ሉቱሊ ጎዳና ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቶኛል። በ2019 በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም እገዛ መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ተቀይሮ የእግረኛ መሄጃው ሰፋ፤ ማታቱዎቹም ከዚያ ወጡ። የድምፅ ማጉያና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጮች ሰፈር የነበረው ጭንቅንቅ ጎዳና ሰው ቆም ብሎ ዕቃ የሚመርጥበት ሆነ። አዲስ አበባም ሆነች ባሕር ዳር የጎዳና ንግድን በደንብ አስከባሪ ሩጫ ብቻ ሊፈቱት አይችሉም። ማን፣ የት፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ያህል ክፍያ እንደሚነግድ የሚወስን ደንብ ሲወጣ፣ ያ ድሃ ነጋዴም ግብር ከፋይ ይሆናል።

7. ከነዋሪው የተወሰደ ሥልጣን በፍጥነት አይካካስም

የናይሮቢ ነዋሪ የመረጠውን ምክር ቤት ተነጥቆ ያውቃል። ከ1983 እስከ 1992 ከተማዋ ያለተመረጠ ምክር ቤት፣ በተሾመ ኮሚሽን ተዳድራለች። ታሪኩ በሌላ መልክ ተደገመ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2020 ገዥው ማይክ ሶንኮ ጤናን፣ ትራንስፖርትን፣ የሕዝብ ሥራዎችንና የከተማ ፕላንን ለማዕከላዊው መንግሥት አስተላለፉ። ሥራውን የተረከበው የናይሮቢ ሜትሮፖሊታን አገልግሎት የሚባል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሚመራውም በሜጀር ጄኔራል ሞሐመድ ባዲ ነበር። ሶንኮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በምክር ቤቱና በሴኔቱ ውሳኔ ከሥልጣን ተነሱ።

ለእውነት መመስከር ካለብኝ፣ በዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ተሠርቷል። በድሃ ሰፈሮች ጤና ጣቢያዎች ተገነቡ፤ የውኃ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የውስጥ መንገዶች አስፋልት ለበሱ። ነዋሪው ግን ያልተሠራውን የሚጠይቀው ሰው አጣ። የመረጠው ገዥ «ሥራው በእጄ የለም» ይላል፤ ሥራውን የያዘው ደግሞ በምርጫ የመጣ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በ2022 ሲዘጋ ሠራተኛው፣ ውሉና ዕዳው ወደ ካውንቲው ተመለሰ።

አዲስ አበባም ይህን ታውቀዋለች። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አሸናፊው ወገን ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀርቶ፣ ከተማዋ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ቆይታለች። አስተዳዳሪው ምንም ቢተጉ ነዋሪው «የመረጥኩህ እኔ ነኝ» ብሎ የሚይዝበት ገመድ አልነበረውም። የተመረጠ ምክር ቤት ሲሳሳት መድኃኒቱ ኦዲት፣ ፍርድ ቤትና ቀጣዩ ምርጫ ናቸው።

8. ሁለት መንግሥታት ሲጣሉ የሚጎዳው ነዋሪው ነው

በፌብሩዋሪ 2025 የናይሮቢ ካውንቲ የቆሻሻ መኪናዎች በስቲማ ፕላዛ፣ በኬንያ ፓወር ዋና መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሻሻ ገለበጡ። ነገሩ የገንዘብ ነበር። የመብራት ኩባንያው ካውንቲው የቢሊዮኖች ሽልንግ ሒሳብ አልከፈለኝም ብሎ ኃይል ቆርጧል፤ ካውንቲው ደግሞ ኩባንያው በከተማው መሬት ላይ ለተከለው ምሰሶና ለዘረጋው መስመር ያልከፈለው ክፍያ አለበት የሚል መልስ ሰጠ። አንዱ በአብዛኛው የማዕከላዊው መንግሥት፣ ሌላው የካውንቲው ቢሆንም ሁለቱም የሕዝብ ተቋም ናቸው፤ የሁለቱም ዕዳ መጨረሻው ከሕዝብ ኪስ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ሁለቱ የመንግሥት እርከኖች የተለያዩም የሚደጋገፉም መሆናቸውን ይናገራል፤ በመመካከርና በመተባበርም ይሠራሉ ይላል። የቆሻሻው ክርክር ይህ ቃል ሲረሳ የሚሆነውን አሳይቷል።

ቃሉ ሲጠበቅ የሚሆነውንም እዚሁ ከተማ አይተናል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማዕከላዊው መንግሥት ኃላፊነት ናቸው። በ2023 ግን ካውንቲው ከማዕከላዊው መንግሥትና «ፉድ ፎር ኤዱኬሽን» ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ ትልልቅ የጋራ ኩሽናዎች አሠርቶ ለተማሪዎች ምሳ ማቅረብ ጀመረ። ወላጅ ለአንድ ምሳ 5 ሽልንግ ይከፍላል። ልጁ እጁ ላይ ያሰረውን መለያ ወደ መሣሪያው ያስጠጋና ምሳውን ይወስዳል፤ ብር የሚቆጥር የለም። አዲስ አበባ በትምህርት ቤት ምገባ ከናይሮቢ ቀድማለች፤ ያን የመሰለ መልካም ሥራ ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ የማን በጀት ነው የሚለው ክርክር ነው። ወጪው አስቀድሞ በስምምነት ከተጻፈ ልጁ ፆሙን አያድርም።

9. እንግዳ መሆን ከነዋሪነት ግዴታ ነፃ አያወጣም

እኛ እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ድምፅ አንሰጥም፤ ግን ግብር እንከፍላለን፣ ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ ቆሻሻ እናወጣለን፣ ልጆቻችንን እዚህ እናስተምራለን። ብዙዎቻችን ግን ከመንግሥት ጋር መገናኘትን እንደ ችግር ስለምናይ፣ ነገር ሲመጣ በአማላጅና በደላላ ለመጨረስ እንሮጣለን። ደላላው ዛሬ ያቃለለው ጉዳይ በሚቀጥለው ዓመት በእጥፍ ዋጋ ይመለሳል።

ያዋጣን ነገር መደራጀት ነው። በአንድ ሕንፃ ያለን ነጋዴዎች፣ ኬንያዊውም ሶማሌውም ሐበሻውም፣ በጋራ ስንጽፍና ኬንያውያኑ ጎረቤቶቻችን ከፊት ሆነው ስንሄድ ተሰምተናል። እድር የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ መሥራትን ከልጅነታችን አይተነዋል። ያንኑ ሥርዓት ለቀብር ብቻ ሳናውል ለቦይ፣ ለመብራትና ለታሪፍ ብናውለው አካባቢያችን ይለወጣል።

ካውንቲዎች ገና ወጣት ናቸው፤ በናይሮቢ ብዙ ነገር ሳይሠራ ቀርቷል። ዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ ሞልቷል ከተባለ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም ቆሻሻ ይደፋበታል። ይህን ሁሉ እያየሁም ሥልጣን ለነዋሪው መቅረቡን እደግፋለሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማየት የሚቻለው ሲቀርብ ነውና።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ጎንደር፣ ደሴም ሁኑ ናይሮቢ፣ በምትኖሩበት ወረዳ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቡ፦ የዘንድሮው በጀታችሁ ስንት ነው? ከደመወዝ የተረፈው ለምን ዋለ? የምንከፍለውን ታሪፍ ማን፣ መቼ አጸደቀው? ደጃፋችን ያለውን መንገድ የሚጠግነው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? መልሱን ስታገኙ ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። መልስ ካጣችሁ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።